ታይሚንጉ ዘሎ ይሆን? ስለ ሞተር ታይሚንግ የሚወሩ ስምንት ተረቶችና እውነታቸው

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል፣ ሞተሩ ድንገት ጠፍቶበት ዳር የያዘ መኪና ማየት ብርቅ አይደለም። ተሳፋሪው ይወርዳል፣ መንገደኛው ይሰበሰባል፣ ምክሩም ይጎርፋል። «ገፍተን እናስነሳው» ይላል አንዱ። «ሴንሰሩ ነው» ይላል ሌላው። «ታይሚንጉ ዘሏል» ብሎ የሚፈርድም አይጠፋም። ምክሩ የሚሰጠው በቅን ልብ ነው። ነገር ግን የካምሻፍት ታይሚንግ በሩቁ ተገምቶ የሚፈረድበት ነገር አይደለም። ሳያዩ የሚደረግ ሙከራ በቺንጋ ሊያልቅ የነበረውን ጥገና ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) እስከ ማውረድ ያደርሰዋል። ከዚህ በታች በየመናኸሪያውና በየጋራዡ ደጋግመው የሚሰሙትን አባባሎች አንድ በአንድ እንመርምር።

መጀመሪያ ግን ነገሩ ምን እንደሆነ እንግባባ። በባለ አራት ምት ሞተር ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ክራንክሻፍት ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። ካምሻፍቱ ቫልቮቹን በየተራቸው እየከፈተ አየር ያስገባል፣ ጭስ ያስወጣል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሴኮንድ 25 ጊዜ ይከፈታል፣ 25 ጊዜም ይዘጋል። ሁለቱን ዘንጎች አገናኝቶ የሚያዞራቸው የጎማ ቺንጋ፣ የብረት ሰንሰለት ወይም የብረት ጥርስ (ጊር) ነው። ታይሚንግ የምንለው በዘንጎቹ መካከል ያለውን ይህን ቅንጅት ነው። ቅንጅቱ በጥቂት ዲግሪ ሲዛነፍ ሞተሩ ይደክማል። ጨርሶ ሲቋረጥ ደግሞ ይጠፋል፤ በብዙ ሞተሮችም ፒስቶንና ቫልቭ ይጋጫሉ።

ተረት 1፦ «መኪና ሁሉ ታይሚንግ ቺንጋ አለው»

እውነቱ፦ የለውም። እህልና በርበሬ ጭነው ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም የሚወጡት የአይሱዙ ኤንፒአርና ኤፍኤስአር መኪኖች ካምሻፍታቸው የሚዞረው በጥርስ ነው። 3ኤል ወይም 5ኤል የናፍጣ ሞተር ያለው ሃይስ ሚኒባስና 1ኤችዜድ ሞተር ያለው ላንድክሩዘር ግን የጎማ ቺንጋ አላቸው። 1ኤንዜድ ሞተር ያላቸው የቶዮታ የቤት መኪኖች በሰንሰለት ይሠራሉ። ባለ አራት ምት ባጃጅም እንዲሁ ሰንሰለት አለው።

ልዩነቱ በምርመራው ላይ ብዙ ነገር ይለውጣል። በጥርስ የሚሠራ ሞተር በመንገድ ላይ እንዲሁ ጥርስ አይዘልም። በኤንፒአር ላይ ታይሚንግ ተዛንፎ ከተገኘ ሞተሩ ተፈትቶ ሲገጠም በጥርሶቹ ላይ ያለው የታይሚንግ ምልክት ሳይጋጠም ቀርቷል፣ ወይም ጥርሱን ከዘንጉ ጋር የሚያስረው ትንሽ ብረት ተቆርጧል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ስለዚህ «ታይሚንጉ ምን ሆነ?» ከማለት በፊት «ሞተሩ የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ተረት 2፦ «ከጠፋ ገፍቶ ማስነሳት ነው»

እውነቱ፦ ከስምንቱ ሁሉ ብዙ ሞተር የሚጎዳው ይህ ነው። ባትሪ ሲደክም ገፍቶ ማስነሳት ይቻላል፤ ባትሪ ግን ሲደክም ይታወቃል፤ መብራቱ ይፈዛል፣ ሞተሪኖው ያቃስታል። መኪናው እየሄደ ሳለ ሳይንተፋተፍ በድንገት ከጠፋና ሞተሪኖው ከወትሮው ቀሎትና ፈጥኖ የሚያዞር ከሆነ ግን ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ካምሻፍቱ ቆሟል፤ የተከፈቱት ቫልቮች እንደተከፈቱ ናቸው። መኪናው ሲገፋ ፒስቶኖቹ ወደ ላይ ይወጡና ቫልቮቹን ያገኟቸዋል።

የናፍጣ ሞተር ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። 5ኤልንና 1ኤችዜድን በመሳሰሉ ሞተሮች አየሩ ከ20 ለ1 በላይ ስለሚታመቅ ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ ከቴስታታው ጋር የሚቀረው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው። ቫልቭና ፒስቶን የማይደራረሱባቸው ሞተሮች መኖራቸው እውነት ነው፤ የድሮው ኮሮላ 4ኤ-ኤፍኢ አንዱ ነው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ግን ሞተራችሁን ከሚጋጩት ወገን ቁጠሩት። አትግፉት፣ በማርሽ አታስጎትቱት፣ ሞተሪኖውንም አትደጋግሙ። የላይኛውን የቺንጋ ሽፋን ፈትቶ በዓይን ማየት የጥቂት ቡሎን ሥራ ነው።

ተረት 3፦ «የቺንጋው መብራት ካልበራ ቺንጋው ደህና ነው»

እውነቱ፦ በብዙ የቶዮታ የናፍጣ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ «ቲ-ቤልት» የሚል መብራት አለ። ይህ መብራት ቺንጋውን አያየውም፤ የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር ነው። አብዛኛውን ጊዜ 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ይበራል፤ ቺንጋው ሲቀየር ባለሙያው ያጠፋዋል። ቺንጋው ሳይቀየርም ሊጠፋ ይችላል። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው መብራቱን ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳጠፋው አያውቅም።

ኪሎ ሜትሩ ራሱ ደግሞ በእኛ መንገድ ላይ ሙሉውን አይናገርም። በደቂቃ 2,500 ጊዜ የሚዞር ሞተር በሜዳ ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዳ አንዱን ኪሎ ሜትር በ1,875 ዙር ይጨርሰዋል። ያው ሞተር በዚያው ዙር፣ በከባድ ማርሽ፣ ከዓባይ ሸለቆ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሐ ጽዮን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲወጣ ለአንድ ኪሎ ሜትር 7,500 ዙር ይፈልጋል። ቺንጋው አራት እጥፍ ይሠራል፤ ቆጣሪው ግን አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ይመዘግባል። ከቡሬ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይም ሒሳቡ ያው ነው።

ዕድሜም አለ። ጎማ ቆሞም ያረጃል፤ መንገድ ተዘግቶ ወራት የቆመ መኪና ቺንጋው አላረፈም። ከሚያፈስ ኦይል ሲል የወጣ ዘይት የነካው ቺንጋ ደግሞ ይለሰልሳል፣ ያብጣል፣ ጥርሱም ይነቀላል። ስለዚህ የቺንጋው ታሪክ የማይታወቅ ከሆነ እንደተገዛ መቀየር ነው።

ተረት 4፦ «ሰንሰለት ያለው ሞተር ዕድሜ ልኩን አይነካም»

እውነቱ፦ ሰንሰለት ከቺንጋ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ዕድሜውን የሚወስነው ግን ዘይቱ ነው። በብዙ ሞተሮች ሰንሰለቱን ወጥሮ የሚይዘው ቴንሽነር የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ዘይት ሲጎድል፣ ሲቆሽሽ ወይም ጊዜው ሲያልፍበት ቴንሽነሩ ይሰንፋል፣ የሰንሰለቱ መጋጠሚያዎች ይበላሉ፣ ሰንሰለቱም ይረዝማል። ምልክቱ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ከፊት በኩል ለጥቂት ሴኮንዶች የሚሰማ መንኳኳት ነው። ድምፁ ሲቆም ችግሩ ሄደ ማለት አይደለም፤ የዘይት ግፊቱ ደርሶ ቴንሽነሩ ያዘው ማለት ነው። መንኳኳቱ እየረዘመ ከሄደ ሰንሰለቱ ጥርስ ሳይዘል መፈተሽ አለበት።

ተረት 5፦ «ጥቁር ጭስና ድካም ከታየ ታይሚንግ ነው»

እውነቱ፦ ብዙውን ጊዜ አይደለም። ፍኖተ ሰላም በ1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቡሬ ደግሞ ከ2,000 ሜትር ታልፋለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አንጻር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር የሚያገኘው አየር ይቀንሳል፤ ፓምፑ የከፍታ ማስተካከያ ከሌለው የሚረጨው ናፍጣ ግን ያው ነው። ትርፉ ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። በዚህ ላይ የበጋው አቧራ የደፈነው የአየር ማጣሪያ፣ የተበላ ኖዝል፣ በጀሪካን የተገዛና ውሃ ወይም ሌላ ነገር የገባበት ነዳጅ፣ ከልክ ያለፈ ጭነትም አለ። ታይሚንግ ከመነካቱ በፊት እነዚህ ይታዩ፤ ማጣሪያውን አውጥቶ ማየት ምንም አያስወጣም።

ታይሚንግን በእርግጥ የሚያስጠረጥሩት ምልክቶች ሌሎች ናቸው። ቺንጋው በቅርቡ ከተቀየረ በኋላ የመጣ ድካም፣ ጠዋት አልነሳ ማለትና ነጭ ጭስ፣ ከወትሮው የተለየ የናፍጣ ማንኳኳት ሲታዩ ሽፋኑን ከፍቶ የታይሚንግ ምልክቶቹን ማየት ተገቢ ነው። በቤንዚን ሞተር ደግሞ ሲነሳ በአየር ማስገቢያው በኩል የሚተኩስ፣ ቆሞ ሲሠራ የሚንቀጠቀጥና በሁሉም ሲሊንደሮች ላይ ዝቅተኛ ኮምፕሬሽን ያሳየ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ተረት 6፦ «ኮምፒውተሩ ካም ሴንሰር ካለ ሴንሰሩን መቀየር ነው»

እውነቱ፦ የምርመራ ኮምፒውተር ችግሩ የታየበትን ቦታ ይናገራል እንጂ የተበላሸውን ዕቃ አይመርጥም። ፒ-0340 የሚለው ኮድ ከካምሻፍት ሴንሰሩ የሚመጣው መልእክት ትክክል አይደለም ማለት ነው። ጥፋቱ የሴንሰሩ ሊሆን ይችላል፤ የተቆረጠ ሽቦ፣ የላላ ሶኬት ወይም ዘይት የገባበት ማገናኛም ሊሆን ይችላል። ፒ-0016 ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ይህ ኮድ የክራንክሻፍቱና የካምሻፍቱ አቀማመጥ አልተጣጣመም ይላል፤ የረዘመ ሰንሰለት ወይም የዘለለ ጥርስ ከዋነኞቹ ምክንያቶች ናቸው። ፒ-0011 የካምሻፍቱን ታይሚንግ ራሳቸው በሚያስተካክሉ (ቪቪቲ) ሞተሮች ላይ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው የዘይቱ መጠንና ንጽሕና፣ ቀጥሎም ዘይቱን የሚቆጣጠረው ቫልቭ ነው፤ ካምሻፍቱን የሚያቀዳድመው የዘይት ግፊት ነውና።

ሰንሰለቱ ረዝሞ የመጣን ፒ-0016 ሴንሰር እየቀያየሩ ማጥፋት አይቻልም። ኮዱ ለአንድ ቀን ጠፍቶ ተመልሶ ይመጣል፤ በመሃሉ ሰንሰለቱ መርዘሙን ይቀጥላል።

ተረት 7፦ «አንድ ጥርስ ቢያልፍ ግድ የለም»

እውነቱ፦ ሒሳቡ ቀላል ነው። የክራንክሻፍቱ ፑሊ 24 ጥርስ ቢኖረው 360 ዲግሪ ለ24 ሲካፈል አንዱ ጥርስ 15 የክራንክ ዲግሪ ይሆናል። ሞተሩ ሊነሳ ይችላል፤ ግን ይደክማል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ይግላል። 5ኤልን በመሳሰለ ሞተር ቺንጋው ካምሻፍቱን ብቻ ሳይሆን የናፍጣ ፓምፑንም ስለሚያዞር የሦስቱም ፑሊዎች ምልክት መጋጠም አለበት። ካምሻፍቱ ገጥሞ ፓምፑ በአንድ ጥርስ ቢዛነፍ እንኳ ናፍጣው ያለ ጊዜው ይረጫል።

ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው። ምልክቶቹን አጋጥሞ ቺንጋውን መግጠም፣ ቴንሽነሩን ማስያዝ፣ ከዚያ ሞተሩን በሞተሪኖ ሳይሆን በመፍቻ በእጅ፣ በሚዞርበት አቅጣጫ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ማዞርና ምልክቶቹን እንደገና ማየት። ሲዞር የሚያግድ ነገር ካጋጠመ በጉልበት አይታለፍም፤ ቆሞ ማየት ነው። ቺንጋው ላይ የታተሙት መስመሮች ከሁለት ዙር በኋላ ባይመለሱ አያሳስብም፤ መመለስ ያለባቸው የፑሊዎቹ ምልክቶች ናቸው።

ቺንጋውን ብቻ ቀይሮ አሮጌውን ቴንሽነር መተውም ያው ስህተት ነው። የቴንሽነሩ ኩሽኔታ ከያዘ ወይም ከላላ አዲሱ ቺንጋ ከአሮጌው በላይ አይቆይም። የሚያፈስ ኦይል ሲልም እዚያው ሳለ ይቀየራል።

ተረት 8፦ «ቁልቁለት በማርሽ መውረድ ቺንጋ ይበጥሳል»

እውነቱ፦ ይህ ተረት የሰው ሕይወት ይነካል። ሞተሩ ከሚፈቀድለት ዙር ሳያልፍ በከባድ ማርሽ መውረድ ቺንጋውንም ሰንሰለቱንም አይጎዳም፤ ፍሬኑ እንዳይግልና እንዳይከዳ የሚጠብቀውም እሱ ነው። ጉዳት የሚያደርሰው በፍጥነት እየወረዱ ሳለ በድንገት ወደ ከባድ ማርሽ መጣል ነው፤ ጎማው ሞተሩን ከልኩ በላይ ያዞረዋል፣ ቺንጋም ጥርስ ሊዘል ይችላል። መፍትሔው ቁልቁለቱ ሳይጀመር ማርሹን ማስገባት ነው። ለቺንጋ ወይም ለነዳጅ ብሎ በፍሪ መውረድ ግን በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ባለው፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ተሳፋሪን ለአደጋ መስጠት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

መንገድ ላይ ሞተር ሲጠፋ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ የሞተሩን ዓይነት ማወቅ፣ ሳይገፉ ቺንጋውን በዓይን ማየት፣ ቺንጋው ደህና ከሆነ ነዳጅና አየር መፈተሽ፣ ኮምፒውተር የሚቀበል ሞተር ከሆነ ኮዱን ማንበብ፣ የታይሚንግ ምልክቶቹን ማየት፣ ኮምፕሬሽን መለካት፣ ዕቃ መግዛት የመጨረሻው። ቺንጋው ተበጥሶ ከተገኘ አዲስ ገጥሞ ከመንዳት በፊት ኮምፕሬሽን ይለካ፤ የታጠፈ ቫልቭ ካለ እዚያ ይታወቃል።

ለባለንብረቶች አንድ ነገር እንለምን። ቺንጋ ሲቀየር ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በወረቀት ጽፋችሁ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ለጥፉ፤ መኪናውን ስትሸጡም ወረቀቱን አትንቀሉ። ለሹፌሮችና ለመካኒኮችም እንዲሁ፦ የገጠር መንገድ ላይ የቆመ ሚኒባስ ውስጥ ሐኪም ቤት የሚደርስ ሕመምተኛ፣ ገበያ የሚደርስ ምርት፣ ፈተና የሚደርስ ተማሪ አለ። ቺንጋውን በጊዜው መቀየር፣ ሲጠፋም ሳይገፉ ማየት፣ ለእነሱ የሚከፈል ዕዳ ነው።