ራሱን የሚያየው ካሜራ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ቢቢሲ «ዶክተር ሁ» የተባለውን ተከታታይ ድራማ ማሳየት ሲጀምር፣ ከታሪኩ በፊት በስክሪኑ ላይ የታየው ነገር የሰው እጅ የሳለው አይመስልም ነበር። በጥቁር ላይ ነጭ የብርሃን ጅረት ይፈስሳል፤ ይሰነጠቃል፤ ግራው የቀኙ ግልባጭ እየሆነ ደመና ከደመና ይወልዳል። በእርግጥም ማንም አልሳለውም። ዲዛይነሩ በርናርድ ሎጅ የተጠቀመበት ዘዴ፣ የቢቢሲው ቴክኒሺያን ኖርማን ቴይለር ቀደም ብሎ ሲሞክረው የነበረ ነው፦ የቴሌቪዥን ካሜራን ራሱ የሚቀርጸውን ምስል ወደሚያሳየው ሞኒተር ማዞር። በ1967 ደግሞ ከዚያው ብርሃን ውስጥ የተዋናዩ የፓትሪክ ትራውተን ፊት ብቅ አለ።

በሰርግ ድንኳን ውስጥ ማይክሮፎን ወደ ሞንታርቦ ሲጠጋ የሚወጣውን ፉጨት የማያውቅ የለም። ድምፁ ከሞንታርቦው ይወጣል፤ ማይክሮፎኑ ይቀበለዋል፤ ጎልቶ ተመልሶ ይወጣል። ቪዲዮ ፊድባክ የሚባለውም ይኸው ነው፤ የሚዞረው ግን ብርሃን ነው። ሞኒተሩ ያሳያል፣ ካሜራው ያነሳል፣ ሞኒተሩ የተነሳውን መልሶ ያሳያል፤ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን በሰከንድ 25 ጊዜ።

ጥበቡ ያለው በጥቃቅን ማስተካከያዎች ላይ ነው። ሌንሱ ምስሉን በትንሹ ካሳነሰው፣ በየዙሩ ይበልጥ እያነሰ መሃል ላይ ይሰምጣል፤ መጨረሻው የማይታይ ዋሻ ይሆናል። ካጎላው ሁሉም ከመሃል ወደ ዳር ይሸሻል። ካሜራውን ጥቂት ዘንበል ሲያደርጉት ዋሻው ይጠማዘዛል። በሩብ ዙር ሲያዞሩት ደግሞ እያንዳንዷ የብርሃን ነጥብ በአራት ዙር ወደ ቦታዋ ስለምትመለስ፣ አራት ክንፍ ያለው ቅርጽ ይወጣል። ብሩህነቱ ሲቀነስ ምስሉ ይሞታል፤ ሲበዛ ስክሪኑ በሙሉ ነጭ ይሆናል። የሚፈለገው በሁለቱ መካከል ያለችው ጠባብ ቦታ ናት። እሷ ከተገኘች በሞኒተሩ ፊት አንድ ክብሪት መጫር ይበቃል፤ ክብሪቱ ከጠፋ በኋላም ብርሃኑ እየዞረና እየተባዛ ይቀጥላል።

የፊልም ሰዎች እዚህ ለመድረስ የከፈሉት ዋጋ ሌላ ነው። ጆን ዊትኒ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፀረ አውሮፕላን መድፍ ማነጣጠሪያ መሣሪያን ሥዕል ወደሚያንቀሳቅስ ማሽን ለውጦ፣ ውጤቱን በ1961 «ካታሎግ» በተባለ አጭር ፊልም አሳየ። ዳግላስ ትራምቡል በስታንሊ ኩብሪክ «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» (1968) ውስጥ ያለውን የብርሃን መተላለፊያ የሠራው በስሊት-ስካን ነው። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አለ፤ ከበስተጀርባው ብርሃን የበራባቸው ሥዕሎች ይንሸራተታሉ፤ ካሜራው ሹተሩ እንደተከፈተ በሐዲድ ላይ ይጓዛል። ከዚህ ሁሉ የሚገኘው አንድ ፍሬም ነው፤ ለአንድ ሰከንድ 24 ፍሬም ያስፈልጋል። ውጤቱም የሚታወቀው ፊልሙ ከታጠበ በኋላ ነው። ይህን ትዕግሥት እጅግ አደንቃለሁ። ወደ ፍራክታል የሚያደርሰው መንገድ ግን በቪዲዮ በኩል ያልፋል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ፊልም እየተቀረጸ ሳለ ራሱን ማየት አይችልም።

ፍራክታል የሚወለደው ከዚሁ ራስን ከማየት ነው፤ አንድ ቀላል ሥርዓት በራሱ ውጤት ላይ ደግሞ ደጋግሞ ሲሠራ፣ ትልቁ ቅርጽ የራሱን ታናናሽ ግልባጮች በውስጡ ይይዛል። ካሜራው አንድ ዓይነት ምስል የሚያሳዩ ሦስት ሞኒተሮችን፣ አንዱን ከላይ ሁለቱን ከታች አድርጎ ቢመለከት፣ ከጥቂት ዙሮች በኋላ የሚታየው ፖላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ሸርፒንስኪ በ1915 የጻፈበት ሦስት ማዕዘን ነው። ቤኗ ማንደልብሮ ለዚህ የቅርጽ ቤተሰብ ስም ያወጣለት በ1975 ነው፤ የሎጅ ብርሃን በየሳሎኑ ከታየ 12 ዓመት በኋላ። በ1984 የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ክራችፊልድ ካሜራና ሞኒተርን እንደ ቤተ ሙከራ ተጠቅሞ፣ ውስብስብ ቅርጾች በቦታና በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚፈጠሩ አጠና።

አርቲስቶቹ ግን ቀድመውት ነበር። ስቴይናና ዉዲ ቫሱልካ በ1971 ኒውዮርክ ውስጥ «ዘ ኪችን» የተባለውን የጥበብ ቦታ ሲመሠርቱ፣ የቪዲዮ ሲግናልን እንደ ሙዚቃ መሣሪያ በቀጥታ የሚጫወቱበት ጊዜ ነበር። ሁሉም ማስተካከያ ወደ ነበረበት ቢመለስ እንኳ ያው ምስል አይደገምም፤ የካሜራው ቱቦ ጫጫታና የክፍሉ ብርሃን በየጊዜው ሌላ መንገድ ያስይዙታል። የዚያ ዘመን ማግኔቲክ ቴፖች ደግሞ ከዓመት ዓመት እየተበላሹ ነው። በየመጋዘኑ የቀሩት አሁኑኑ ወደ ዲጂታል መገልበጥ አለባቸው።