ስክሪን እየነካ የሚረዳው አምስተኛ ሰው፦ ተረትና እውነታ

አራት ሰዎች ጆይስቲክ ይዘው ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጠዋል፤ ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፣ ገደል ይገባሉ። አምስተኛው አይሮጥም፣ አይዘልም። በእጁ ያለውን ስክሪን በጣቱ እየነካ ለአራቱ መርገጫ ያበጅላቸዋል። ኒንቴንዶ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ዊ ዩ ከተባለው የጨዋታ መሣሪያ ጋር ባወጣው «ኒው ሱፐር ማሪዮ ብሮስ ዩ» ይህ አጨዋወት «ቡስት ሞድ» ይባላል። ስለዚህ አምስተኛ ሰው ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራል። ስህተቱ ደግሞ ጉዳት አለው፤ ጆይስቲክ ይዛ የማታውቅ እናት ወይም ጣቱ ቁልፎቹን ገና የማያዳርስ ሕፃን ዳር እንዲቀመጥ ያደርጋል።

ተረት፦ «የሚረዳው ሰው ተጫዋች አይደለም፤ እንዳይከፋው የተሰጠው ማባበያ ነው።»

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይህ ነው፤ ከሁሉም በላይ የተሳሳተውም እሱ ነው። ስክሪኑን የያዘው ሰው የነካው ቦታ ላይ ለአጭር ጊዜ የሚቆይ ብሎክ ይፈጠራል። ጠላትን ሲነካ ደግሞ ጠላቱ ለአፍታ ይደነዝዛል። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ብሎኩ ግን ድፍን ነው፤ ወዳጅና ጠላት አይለይም። ገደል ለመሻገር የተነሳ ጓደኛ አናት ላይ ካረፈ ዝላዩን ይቆርጥበታል፣ ሰውየውም ቁልቁል ይወርዳል። ዘግይቶ ከመጣ ምንም አይጠቅምም። ስለዚህ ረዳቱ ማየት ያለበት ዘላዩ አሁን ያለበትን ሳይሆን ከአፍታ በኋላ የሚያርፍበትን ቦታ ነው፤ ያውም የአራት ሰው ዝላይ በአንድ ጊዜ። የዊ ዩ መቆጣጠሪያ ስክሪን ስፋቱ 6.2 ኢንች ሲሆን በአንድ ጊዜ የሚቀበለው አንድ ንክኪ ብቻ ነው። ሁለት ሰው አንድ ላይ መውደቅ ሲጀምር ማንን እንደሚያድን መወሰን የረዳቱ ፋንታ ነው። ይህ ተጫዋችነት ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

ሠሪዎቹም ቢሆኑ እንደ ማባበያ አላዩትም። ጨዋታው ችሎታ የሚፈተንበት የፈተና ክፍል አለው፤ እዚያም አንዱ እየዘለለ ሌላው ብሎክ እየሠራ ለሁለት የሚጋፈጧቸው ለብቻቸው የተዘጋጁ ፈተናዎች ይገኛሉ።

ተረት፦ «በእርዳታ ማለፍ ማጭበርበር ነው።»

በዚህ ጨዋታ ዋናው ተቃዋሚ ደረጃው ራሱ ነው፤ አንዱ ሲረዳ የሚዘረፍ ሌላ ተጫዋች የለም። ለዚህ ሙግት ከማሪዮም የተሻለ ምስክር ግን «ሬይማን ሌጀንድስ» ነው። የዩቢሶፍት ሞንፔሊዬ ስቱዲዮ ሠርቶት በ2013 ወጣ። መርፊ የሚባል የሚበር ትንሽ ፍጡር አለ፤ በዊ ዩ ላይ የሚታዘዘው በጣት ነው። ገመድ ይቆርጣል፣ መርገጫ ይጎትታል፣ ጠላትን እየኮረኮረ መከላከያውን ያስጥለዋል። መርፊ ሥራውን ካልሠራ የሚሮጠው ሰው የትም አይደርስም፤ መንገዱ የተሠራው ለሁለቱ ነውና።

ሰው ለብቻው ሲጫወትስ? እዚህ ላይ ነው የሠሪዎቹ ሐሳብ ጎልቶ የሚወጣው። በዊ ዩ የመርፊ ደረጃዎች ብቸኛው ተጫዋች የሚይዘው መርፊን ነው፤ ግሎቦክስ የተባለውን ሯጭ ኮምፒውተሩ ያስሮጠዋል። ሩጫውን ለማሽን ትተው መርዳቱን ለሰው ሰጡ። በፕሌይስቴሽን 3 እና በኤክስቦክስ 360 ግን ሯጩ ራሱ ቁልፍ ሲጫን መርፊ የታዘዘውን ይፈጽማል። ደረጃው ይታለፋል፤ የሁለት ሰው መናበብ ግን ቀርቷል።

ተረት፦ «ይህን የወለደው የንክኪ ስክሪን ነው።»

አይደለም። በ2007 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ ጋላክሲ» ላይ ሁለተኛው ሰው ስክሪን ሳይነካ፣ ከዊ ዩ በፊት የነበረውን የዊን መቆጣጠሪያ ወደ ቴሌቪዥኑ እያነጣጠረ የኮከብ ፍርፋሪ ይሰበስብ፣ ጠላትንም ያስቆም ነበር።

ተረት፦ «ቡስት ሞድ የቀረው ሰው ስላልወደደው ነው።»

«ኒው ሱፐር ማሪዮ ብሮስ ዩ» በጥር 2019 (እ.ኤ.አ.) ስዊች ወደተባለው የኒንቴንዶ መሣሪያ ሲሻገር ቡስት ሞድ አብሮት አልተሻገረም። ምክንያቱን ለማየት መሣሪያውን ማየት በቂ ነው። ቡስት ሞድ ሁለት ስክሪን ይፈልጋል፤ አንዱ ለሁሉም የሚታይ፣ ሌላው በረዳቱ እጅ ያለ። ስዊች ከቴሌቪዥን ጋር ሲገናኝ የራሱ ስክሪን ማስቀመጫው ውስጥ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ ጣት አይደርስበትም። ዊ ዩ ራሱም የተሸጠው 14 ሚሊዮን እንኳ ሳይሞላ ስለሆነ አጨዋወቱን የማየት ዕድል ያገኘው ሰው ጥቂት ነበር።

በስዊች ላይ ለጀማሪ ከቀረቡት አንዱ ናቢት የተባለው ገጸ ባሕርይ ነው፤ ጠላት ቢነካው አይጎዳም። ጥሩ ነገር ነው፤ እኔ ግን ምትክ ነው አልልም። ናቢትም ገደል ከገባ ይሞታል፤ ለመዝለልም ጆይስቲኩን መቻል ያስፈልጋል። ጆይስቲክ ለከበደው ሰው ቡስት ሞድ የከፈተው በር በናቢት አልተከፈተም።

አሁንም ዊ ዩ ያለው ቤት ረዳቱን በብሎክ ባያስጀምር ይሻላል። መጀመሪያ ጠላቶችን ብቻ እየነካ ያደንዝዝ፤ በዚህ መካከል ዓይኑ የዘላዮቹን ፍጥነት ይለምዳል። ቀጥሎ ብሎክ ሲጀምር ከዘላዩ እግር በታች እንጂ ከአናቱ በላይ እንዳያሳርፍ ይነገረው። ዘላዩም ከመነሳቱ በፊት «ልዘል ነው» ይበል።