ስለማይነገረው ማሳከክ

የሴት ሀፍረተ ሥጋ ካንሰር ድንገት የሚደርስ በሽታ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከዓመታት በፊት በቆዳው ላይ ምልክት ያሳያል፤ ይሁን እንጂ ምልክቱ የሚታይበት ስፍራ ስሙ እንኳ በአደባባይ የማይጠራ በመሆኑ፥ ሕመምተኛዪቱ ለእናቷም ለባሏም ሳትናገር ትቆያለች። መምህራንና የተማሩ የከተማ ሰዎች ነገሩን ያለ ሀፍረት ሊያውቁት ይገባል ብለን ስላመንን እነሆ ጻፍነው።

ወደ ካንሰሩ የሚያደርሰው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ይልቁንም የወር አበባ የተቋረጠባቸውን እናቶች የሚያገኝ ላይከን ስክለሮሰስ የተባለ የቆዳ ሕመም ነው። ቆዳው ይነጣል፥ ይሳሳል፥ ይሰነጠቃል፤ ትንንሾቹ የብልት ከንፈሮች እየተጣበቁ ይጠፋሉ፤ ማሳከኩም ሌሊት እንቅልፍ ይነሣል። ይህ ሕመም ራሱ ካንሰር አይደለም፤ ካለባቸው 100 ሴቶች መካከል ካንሰር የሚያገኛቸው ከ5 አይበልጡም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከቆሻሻ የመጣ የሚመስላቸው ሴቶች ግን በሳሙና፥ በጨው ውሃና በሎሚ እያጠቡ ቆዳውን ይበልጥ ያቆስሉታል። ስለ ንጽሕና መጻፍ ልማዳችን ቢሆንም፥ ለዚህ ሕመም መታጠብ መድኃኒት እንዳልሆነ፥ ሳሙናም እንደሚጎዳ መናገር ግዴታችን ነው።

መድኃኒቱ ሐኪም የሚያዝዘው ኃይለኛ የስቴሮይድ ቅባት ነው። በአውስትራሊያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት 507 ሴቶችን ለዓመታት ተከታትሎ ነበር። ቅባቱን እንደታዘዙት ካዘወተሩት 357 ሴቶች መካከል ካንሰር ወይም ወደ ካንሰር የሚያመራ የቆዳ ለውጥ የታየባት አንዲት እንኳ አልነበረችም፤ ካጓደሉት 150 መካከል ግን በ7ቱ ላይ ታየ። ማሳከኩ ጋብ ሲል ቅባቱን መተው እንግዲህ ቀላል ስሕተት አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፥ ከሁሉ በላይ 16ኛው ዓይነት ነው። ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ በዕድሜ የሚያንሱትን ሴቶች ያጠቃል፤ ነጭ፥ ቀይ ወይም ጠቆር ያለ፥ ከሌላው ቆዳ ከፍ ያለ ምልክት ያወጣል። ትምባሆ የሚያጨሱና ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ሴቶች ይበልጥ ይጋለጣሉ። ለዚህኛው ክትባት አለው፤ በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የተጀመረው፥ ከማኅፀን በር ካንሰር ጋር ስሙ የሚነሣው ክትባት ይኸው ነው። ወላጆች ሲጠይቁ መምህራን ይህንንም ጨምረው ቢነግሯቸው መልካም ነው። የመጀመሪያውን መንገድ ግን ክትባቱ አይዘጋውም።

ሳምንታት አልፈውት ያልተወ ማሳከክ፥ የማይድን ቁስል፥ የሚደማ ወይም የሚያድግ እብጠት ያላት ሴት ሳትዘገይ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለባት። ሐኪሙ ከተጠራጠረ ስፍራውን በመርፌ አደንዝዞ ከቆዳው ትንሽ ቁራጭ ይወስድና በማይክሮስኮፕ ያስመረምራል። ወደ ካንሰር የሚያመራ ለውጥ ከተገኘ ያ ቆዳ ብቻ ተቆርጦ ይወጣል፤ ከቫይረሱ የመጣው አንዳንድ ጊዜ በቅባት ይታከማል። ሊመለስ ስለሚችልም በየጊዜው መታየት ያስፈልጋል። ወንድ ሐኪም የሚያሳፍራት ብትሆን፥ ሴት ሐኪም ወይም ነርስ እንድትመለከታት ገና በመዝገብ ክፍሉ ሳለች መጠየቅ ትችላለች።