ሳንቲሟ የት ገባች?

ስምንት፣ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ ካለዎት ይህን ያውቁታል። ስልክ ይዞ መኝታ ቤት ይገባል፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይወጣና «እዩኝ! እዩኝ!» ይላል። እጁ ላይ ሳንቲም አለች። ትጠፋለች፣ ወይም ልትጠፋ ትሞክርና መሬት ላይ ትወድቃለች።

የእኔም ልጅ ስምንት ዓመቱ ነው። ለገና እናቴ ቤት ተሰብስበን፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ ሳለ ተነሥቶ መሐል ቆመ። «ሌዲስ ኤንድ ጀንትልሜን» ብሎ ጀመረ። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ የሚለውን በእንግሊዝኛ አንድም ሳያስቀር ሲወጣው እናቴ ምንም ሳይገባት ፈገግ ብላ ትጠብቃለች። ሳንቲሟን ሊሰውራት ሲል የእህቴ ልጅ «ይሄማ ዩቲዩብ ላይ አለ! ግራ እጁ ውስጥ ናት!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ልጄ ሳንቲሟን ኪሱ ከቶ ወደ ጓሮ ወጣ፤ እስክንሄድ ድረስም አልተመለሰም።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ሰው አንድን ቪዲዮ ስንት ሰከንድ ታግሦ እንደሚያይ ስቆጥር ነው የምውለው፤ ስለዚህ የልጄ ቪዲዮ ለምን እንደዚያ እንደተሠራ ይገባኛል። አብዛኛው እንዲህ ዓይነት ቪዲዮ የሚሠራው ተመልካቹ ጣቱን ሳያንሸራትት እስከ መጨረሻው እንዲቆይ ነው። ልጁ ተማረም አልተማረም ሌላ ጉዳይ ነው። ያንኑ ቪዲዮ ደግሞ የአክስት ልጅም፣ የክፍል ጓደኛም አይቶታል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ዘንድ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኘሁ፤ ለጀማሪዎች የእጅ ቅልጥፍና የሚያስተምር። ልጄ ሥዕሎቹን አየና «ይሄ አይንቀሳቀስም» ብሎ መለሰልኝ። እውነቱን ነው፣ አይንቀሳቀስም። ማታ ማታ እኔ እያነበብኩ፣ እሱ ሳንቲም ይዞ አንድ ገጽ ላይ አራት ቀን ቆየን።

ያ ገጽ ምን እንደሚል ልንገርዎ፤ የአንድ ብር ሳንቲም ካለ አሁኑኑ ይሞክሩት። የግራ መዳፍዎን ወደ ላይ አድርገው ሳንቲሟን በአውራ ጣትዎና በጣቶችዎ ጫፍ ጠርዟን ይያዙ። ቀኝ እጅዎ ሊወስዳት ይመጣል፤ አውራ ጣቱ ከሳንቲሟ ሥር ይገባል፣ ሌሎቹ ጣቶች ከፊት ይሸፍኗታል። በዚያች ቅጽበት የግራ አውራ ጣትዎን ላላ ሲያደርጉት ሳንቲሟ እዚያው ግራ መዳፍዎ ላይ ትወድቃለች። ቀኝ እጅዎ ባዶውን ተጨብጦ ይሄዳል። ይኸው ነው።

መጽሐፉ ግን ከዚህ በፊት አንድ ነገር አዝዞ ነበር፤ ሳንቲሟን መጀመሪያ አሥር ጊዜ በእውነት ውሰዳት ይላል። እጅህ ሲወስድ ምን እንደሚመስል እይ፣ ዓይንህ ወዴት እንደሚሄድ ልብ በል፣ ከዚያ በኋላ ያንኑ አስመስል። ልጄ አሥሬ ወሰደና «ለካ ዓይኔ ቀኝ እጄን ነው የሚከተለው!» አለ። ገና ዕለት ዓይኑ ግራ እጁ ላይ ተተክሎ ነበር፤ የአክስቱ ልጅ ቪዲዮውን ባያይ እንኳ ይይዘው ነበር። ይህን እኔም አላወቅኩም ነበር። ቪዲዮው ውስጥ ያለው ሰውዬ በትክክል ያደርገዋል፣ ግን ለምን እንደሚያደርገው አይናገርም።

ሌላም አለ። ቪዲዮ ላይ ከፊትዎ የቆመው ሰው ቀኙ በእርስዎ ግራ በኩል ስለሆነ ልጆች ይምታታባቸዋል። መጽሐፍ «ቀኝ እጅ» ካለ ቀኝ እጅ ነው። ደግሞ ገጹ ንግግር አያቀብልም፤ ምን እያሉ እንደሚያሳዩ ራስዎ መፈለግ አለብዎት። መጀመሪያ ይሄ ጉድለት መስሎኝ ነበር።

የዚህ ጥበብ ትልልቅ ሰዎች አጀማመራቸው ብዙ ጊዜ ከገጽ ነው። ፈረንሳዊው ሮቤር ኡዳን የሰዓት ሠሪ ልጅ ነበር። በትዝታ መጽሐፉ እንደተረከው፣ ስለ ሰዓት ሥራ የሚያወራ መጽሐፍ ሊገዛ ሄዶ ነጋዴው ተሳስቶ የምትሃት ጨዋታ የሚያስተምር መጽሐፍ ሰጠው፤ ማታ ሲከፍተው ዓይኑን ማመን አቃተው፣ አልመለሰውምም። ያንን የትዝታ መጽሐፍ ደግሞ ቡዳፔስት ተወልዶ አሜሪካ ያደገ አንድ ልጅ አነበበው፤ ስሙንም ከዚያ ወስዶ ሁዲኒ ተባለ። በ1902 ቺካጎ ውስጥ ኤርድኔስ በሚል የብዕር ስም የታተመ የካርታ ጥበብ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይሸጣል፤ ጸሐፊው ማን እንደሆነ ግን እስካሁን ያከራክራል። ካናዳዊው ዳይ ቨርነን ከልጅነቱ ጀምሮ ያንን መጽሐፍ ሲያጠና ኖሮ በ98 ዓመቱ አረፈ።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ «ይሄ አስማት እንዳይሆን፣ ልጁን ምን እያስነበብሽው ነው?» አለችኝ። ለብዙ ቤተሰብ ይህ ቀልድ አይደለም፤ የእርስዎም ቤት ሊነሣ ይችላል። የነገርኳት የሬጂናልድ ስኮትን ታሪክ ነው። እንግሊዛዊው ስኮት በ1584 ያሳተመው መጽሐፍ የሳንቲም፣ የኳስና የካርታ ጨዋታዎችን ምሥጢር ከዘረዘሩ ቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። የጻፈው ግን ለመዝናኛ አልነበረም። በዘመኑ ብዙ ምስኪን አሮጊቶች «ጠንቋይ ናችሁ» እየተባሉ ይገደሉ ስለነበር፣ ሰው ተአምር የሚለው ነገር በተራ እጅ ሊሠራ እንደሚችል ለማሳየት ነው። እናቴ ጥቂት ዝም አለችና «ታዲያ ለእኔም ያሳየኝ» አለች።

ቪዲዮን ከቤቴ አባርሬያለሁ ማለቴ አይደለም። ሁለት ሳምንት ከለፋን በኋላ የእጁን ፍጥነት ለማስተካከል አብረን አየን፤ ያኔ ጠቀመን። ከመጽሐፍ መጀመር ከፈለጉ የማርክ ዊልሰን «ኮምፕሊት ኮርስ ኢን ማጂክ» በሥዕል የተሞላ ስለሆነ ለልጆች ይመቻል፤ ለሳንቲም የቦቦ «ሞደርን ኮይን ማጂክ»፣ ለካርታ «ሮያል ሮድ ቱ ካርድ ማጂክ» አሉ። እንግሊዝኛው ለልጅ ስለሚከብድ አጠገቡ መቀመጥዎ አይቀርም። በእኔ ቤት ከሁሉም የጠቀመን ይኼው ነው፤ ስልኬን ሳሎን ትቼ መግባት የጀመርኩት በዚህ ሰበብ ነው።

ፋሲካ ደረሰ። ያው ቤት፣ ያው ቡና፣ ያው የአክስት ልጅ። ልጄ ተነሣ፤ «ሌዲስ ኤንድ ጀንትልሜን» የለም። ሳንቲሟን ከፍ አድርጎ «ይቺ የእማዬ ደሞዝ ናት» አለ። ሰው ሁሉ ዞረ። «እማዬ ደሞዟን ትቀበላለች» ብሎ በቀኝ እጁ ወሰዳት፤ ዓይኑ ከጭብጡ አልተነቀለም። «ከዚያ ገበያ ትሄዳለች፤ ዘይት ትገዛለች፣ ሽንኩርት ትገዛለች...» ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታቸው። ባዶ! ወንድሜ ስኒውን ሊደፋ ምንም አልቀረው። እናቴ ዓይኗን እየጠረገች «እውነቱን ነው! የት ነው የምትገባው?» አለች።

ከየት እንዳመጣው ጠየቅኩት። «ሁልጊዜ ስትዪው እሰማሻለሁ» አለኝ።

የእህቴ ልጅ ግራ እጁን አልጠቆመም። ማታ ልንሄድ ስንል ልጄን ጥግ ይዞ መጽሐፉን እንዲያውሰው ለመነው። ከተዋሰው ወር አልፎታል፤ በስልክ ስንጠይቀው «አንድ ገጽ ብቻ ቀረኝ» ይላል።