ማኅበራዊ ኢንተርፕራይዝ ልመሥርት ወይስ ይቅርብኝ?

(በመካነ ሰላም ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ገለጻ)



ማኅበራዊ ኢንተርፕራይዝ ስንል ሸቀጥ ወይም አገልግሎት እየሸጠ ትርፉን ለማኅበራዊ ዓላማ የሚያውል ድርጅት ማለታችን ነው። እንዲህ ያለ ድርጅት ለማቋቋም የምታስቡ ስላላችሁ፣ ከዚሁ ከደቡብ ወሎ በሚነሣ ታሪክ ልጀምር።

ወይዘሮ አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ለመሳለም ከአዲስ አበባ ሲመጡ አካባቢው በድርቅና በረኃብ ተመትቶ አገኙት። ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ደረሱ። የሞቀ ቤታቸውን ትተው እንጀራና ቆሎ እየሸጡ አሳደጓቸው። ልብ በሉ፤ ንግዱ የመጣው ከልጆቹ በኋላ ነው። እኛ ግን፣ ራሴን ጨምሮ፣ የድጋፍ ገንዘብ ማስታወቂያ ስናይ ድርጅቱን አስቀድመን ቀርጸን ችግሩን ኋላ እንፈልግለታለን።

አሁን ወደ ደጋችን እንመለስ። ከበግ ጠጉር ባና አሠርቶ በመሸጥ ፈታይ ሴቶችን ለመጥቀም አሰባችሁ እንበል። አንድ ባና 2,000 ብር ቢሸጥ፣ ለጠጉር፣ ለፈታይ፣ ለሸማኔና ለማጓጓዣ 1,700 ብር ቢወጣ፣ 300 ብር ይተርፋል። ዋጋው ለምሳሌ ያህል ነው፤ ስሌቱ ግን አይለወጥም። የአንድ ሥራ አስኪያጅ ደመወዝ በወር 9,000 ብር ቢሆን፣ ለዓላማው አንዲት ብር ሳትደርስ 30 ባና መሸጥ አለበት። ያን ያህል ገዥ ከሌለ ድርጅቱ የሚያኖረው ሥራ አስኪያጁን ብቻ ነው።

የሕጉ ምርጫም ቀላል አይደለም። በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ማኅበር ብትመሠርቱ ትርፉ የባለድርሻዎች ነው። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሚቋቋም የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት መነገድ ይችላል፤ ትርፉን ግን ለአባላት ማከፋፈል አይችልም። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ ደግሞ ፈታዮቹ ራሳቸው ባለቤቶች ይሆናሉ፤ እያንዳንዷም አንድ ድምፅ ይኖራታል። ይህ የወረቀት ጉዳይ ይመስላል እንጂ፣ ሴቶቹ ባለቤት ወይም ደመወዝተኛ መሆናቸው የሚወሰነው እዚሁ ላይ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ኪሣራው በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው። ድርጅቱ ሲፈርስ መሥራቹ ተመርቆ ከተማ ይገባል፤ ለጠጉር መግዣ የተበደረችው ፈታይ ግን ከነዕዳዋ እዚሁ ትቀራለች። ስለዚህ ማኅተም ከማስቀረጻችሁ በፊት፣ በአንድ የገበያ ወቅት፣ በራሳችሁ ገንዘብ፣ 30ውን ባና ሸጣችሁ ተመልከቱ።