«ዩኬ» ብሎ የሄደ መልእክት ለምን ይመለሳል?

ለንደን፣ ሆሎዌይ ተቀምጦ ከባንክ ሂሳቡ 200 ፓውንድ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ሰው ገንዘቡ ራሱ የሚጓዝ ይመስለዋል። በባንኮቹ መካከል የሚጓዘው ግን መልእክት ነው፤ ማን፣ ለማን፣ ስንት፣ በየትኛው ባንክ በኩል የሚል። (በሐዋላ ሱቅ የሚልክ ሰው መንገዱ ሌላ ነው፤ እሱን እንተወው።) መልእክቱ የሚጻፍበት ደንብ አይኤስኦ 20022 ይባላል፤ መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

ከእሱ በፊት ኤምቲ 103 የተባለ የመልእክት ቅርጽ ነበር። የተቀባዩ ስምና አድራሻ በአራት መስመር፣ እያንዳንዱ መስመር ከ35 ፊደል ሳያልፍ ይታጨቃል። ስሙ የት እንዳለቀና ሰፈሩ የት እንደጀመረ ለኮምፒውተር የሚነግረው ብዙ ጊዜ አልነበረም። የባንኮችን መልእክት የሚያመላልሰው ስዊፍት አሮጌውንና አዲሱን ከማርች 2023 እስከ ኖቬምበር 2025 ጎን ለጎን አስኬደ። የእንግሊዝ ባንክም ቻፕስ የተባለውን የትልልቅ ክፍያዎች መስመር በጁን 2023 ወደ አዲሱ አዛውሯል።

አዲሱ መልእክት በኤክስኤምኤል የተጻፈ ነው፤ ለእያንዳንዱ ነገር ስም ያለው ሳጥን አለው። የትኛው ሳጥን ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ፣ ስንት ፊደል እንደሚይዝና ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚቀበል የሚደነግገው ሰነድ ስኪማ ይባላል። ስኪማ ይሉኝታ አያውቅም። የከተማው ስም ከአገሩ በፊት መምጣት ሲገባው ኋላ ከመጣ፣ ሁለቱም ትክክል ቢሆኑ እንኳ መልእክቱ ይወድቃል። በኤምቲ 103 የገንዘቡ ሳንቲም የሚለየው በኮማ ነበር፤ በአዲሱ በነጥብ ነው። አሮጌውን ፕሮግራም ለአዲሱ ሲያስተካክል ይህችን የረሳ ባለሙያ «250,00» ይልካል፤ ወዲያው ይመለስለታል።

ወደ ኢትዮጵያ ለሚልክ ደግሞ የተለመደ ወጥመድ አለ። አገራችን የአውሮፓ ባንኮች የለመዱትን አይባን የተባለ የሂሳብ ቁጥር አትጠቀምም። የንግድ ባንክን 13 አሃዝ ቁጥር አይባን ሳጥን ውስጥ የከተተ ፕሮግራም ስኪማው ላይ ይላተማል፤ ያ ሳጥን በሁለት የአገር ፊደል የሚጀምር ቁጥር ነው የሚጠብቀው። ቁጥሩ መግባት ያለበት «ሌላ መለያ» በተባለው ሳጥን ነው። በቁጥሩ ላይ ፊደል እየጨመሩ ለማሳለፍ መሞከር የባሰ ጣጣ ያመጣል።

እስካሁን ያነሳነው የቅርጽ ስሕተት ነው፤ መፍትሔውም ቀላል ነው፣ ማሽኑ መስመሩን ጠቅሶ ይነግራል። ሰው የሚያደክመው ቅርጹ ያለፈ፣ ትርጉሙ ያላለፈ ነው። በላኪው አድራሻ ላይ የአገሩ ኮድ «ዩኬ» ተብሎ ተጻፈ እንበል። ስኪማው የሚጠይቀው ሁለት አቢይ የላቲን ፊደል ብቻ ስለሆነ ያሳልፈዋል። ቀጥሎ ያለው ፍተሻ ግን የአገሮችን ዝርዝር ገልጦ ያያል፤ በዝርዝሩ የብሪታንያ ኮድ «ጂቢ» ነው። መልእክቱ ይመለሳል፣ ፕሮግራመሩም «እኔ ጋ አልፏል» እያለ ይምላል። እውነቱን ነው፤ እሱ የፈተሸው ከአይኤስኦ በወረደው ጠቅላላ ስኪማ ነው። ስዊፍት በድንበር ተሻጋሪ ክፍያ ላይ የሚሠራው ግን ከዚያ በጠበበ ደንብ ነው። መልእክት ተመለሰ ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «በየትኛው ደንብ ተፈትሾ?» መሆን አለበት ባይ ነኝ፤ ይህ ሳይጠየቅ በስኪማው ላይ ብዙ ሰዓት ይባክናል።

አድራሻ ለዚህ ዋናው ምሳሌ ነው። በጠቅላላው ስኪማ ከተማና አገር መጻፍ በፈቃድ ነው። በስዊፍት ደንብ ግን ከኖቬምበር 2026 ጀምሮ አድራሻ ሲጻፍ ሁለቱም በየሳጥናቸው መግባት ግድ ይሆናል፤ እንደ ድሮው በመስመር ብቻ ማጨቅ ይቀራል። የሆሎዌይ አድራሻ ለዚህ የተሰፋ ነው፤ የቤት ቁጥር፣ መንገድ፣ በ«ኤን 7» የሚጀምር የፖስታ ኮድ፣ ለንደን፣ ጂቢ። የአዲስ አበባውስ? ቦሌ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ ከዚያም «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ»። የመንገድ ስም ባዶ ይቅር፤ ደንቡ አያስገድድም። የቤት ቁጥሩ በቁጥር ሳጥን፣ ክፍለ ከተማው በ«ዲስትሪክት»፣ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ካለም የራሱ ቦታ ይገባል። ለቀረው ድብልቅ የሚባል አጻጻፍ ተፈቅዷል፦ ከተማና አገር በሳጥናቸው ሆነው፣ ሌላው እስከ 70 ፊደል በሚይዙ ሁለት መስመሮች። ወረዳው እዚያ ያርፋል።

ለዚህ ሁሉ እርማቱ ላኪው በሚሞላው ፎርም ላይ ቢሆን ይሻላል። ፎርሙ ከተማውን ለብቻ ካልጠየቀ፣ የባንኩ ኮምፒውተር ከተደባለቀ ጽሑፍ ውስጥ «አዲስ አበባ»ን እየገመተ ማውጣት ይጀምራል፤ ግምቱ ሲስት ደግሞ ስሕተቱ ስኪማውን አልፎ ይሄዳል።

ስም ላይ ስኪማ ምንም አይረዳም። በግዕዝ ፊደል መላክ ስለማይቻል «ፀሐይ» በላቲን በ«ቲኤስ» ወይም በ«ኤስ» ልትጀምር፣ በ«ዋይ» ወይም በ«አይ» ልታልቅ ትችላለች፤ ሳጥኑ እስከ 140 ፊደል ማንኛውንም ይቀበላል። ተቀባዩ ባንክ ስሙን ከሂሳቡ ጋር ሲያስተያይ ነው ልዩነቱ የሚወጣው። ስለዚህ ከመላክ በፊት ለአዲስ አበባ ደውሎ፣ «ደብተሩ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ስም ፎቶ አንሺና ላኪልኝ» ማለት ነው።