የፀሐይና የባዮጋዝ ጥምር የኤሌክትሪክ አቅርቦት

የፀሐይ ኤሌክትሪክ ዋና ችግር የመጠን ማነስ ሳይሆን የሰዓት አለመገጣጠም ነው፤ የሶላር ፓኔል ከፍተኛውን ኃይል የሚያመነጨው እኩለ ቀን ላይ ሲሆን መብራት የሚፈለገው ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ባትሪ ይህን ክፍተት ለአንድ ሌሊት ቢሸፍንም፣ ደመናው ለተከታታይ ቀናት ሳይገለጥ ሲቆይ የሚበቃ ክምችት ለመያዝ የሚጠይቀው ወጪ እጅግ ከባድ ነው። ባዮጋዝ፣ ማለትም እበትና ሌላ ተረፈ ምርት አየር በማይገባው ማብላያ ውስጥ በረቂቅ ተሕዋስያን ሲብላላ የሚወጣው ጋዝ፣ ተጠራቅሞ በተፈለገው ሰዓት ጄኔሬተር ስለሚያንቀሳቅስ ለዚህ ክፍተት ተስማሚ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. በጀርመን ይፋ የሆነ አንድ የሙከራ ፕሮጀክት በልዩ ልዩ አካባቢዎች የሚገኙ 36 የነፋስ፣ የፀሐይ፣ የባዮጋዝና የውሃ ማመንጫዎችን ከአንድ ማዕከል በመቆጣጠር፣ ነፋስና ፀሐይ ሲደክሙ ባዮጋዝና ውሃ ጉድለቱን እንዲሞሉ አድርጓል።

የጋዙ ጉልበት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 70 በመቶ ከሚሆነው ሚቴን ነው። አንድ ሜትር ኩብ ባዮጋዝ ወደ 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ የሙቀት ኃይል ቢይዝም፣ በአነስተኛ ሞተር ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው ከ2 ኪሎዋት ሰዓት እምብዛም አይበልጥም፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ከጋዙ ጋር የሚገኘው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ብረትን ስለሚበላ፣ ጋዙ ሞተሩ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በብረት ፍቅፋቂ በተሞላ ማጣሪያ ውስጥ ማለፍ ይኖርበታል።

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ጥምረቱ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ፈተና ይገጥመዋል። ተሕዋስያኑ በሚገባ የሚሰሩት ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ሲሆን፣ የክረምቱ ደመና ፀሐይን በሚጋርድበት ወቅት ቅዝቃዜው የማብላላቱንም ሥራ ስለሚያዘገየው ሁለቱ ምንጮች በአንድ ጊዜ ይዳከማሉ። ስለዚህ ከሞተሩ የሚወጣውን ሙቀት ወደ ማብላያው መመለስ ከቅንጦት ሊቆጠር አይገባም፤ የፓኔሎቹ ብዛትና የጋዝ መያዣው ስፋትም በዓመቱ አማካይ ሳይሆን በሐምሌና በነሐሴ ልክ መሰላት አለበት።

በ2009 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በዋናነት ያተኮረው ለምግብ ማብሰያ በሚሆኑ የቤተሰብ ማብላያዎች ላይ ነው። ተራው የባዮጋዝ ምድጃ ወጥ ለመስራት እንጂ ሰፊውን የእንጀራ ምጣድ ዳር እስከ ዳር ለማጋል ስለማይበቃ፣ ይህችኑ ጥቂት ጋዝ ለጄኔሬተር ማዋል እናቶችን ወደ ማገዶና ወደ ጭስ መመለስ ይሆናል። ጥምሩ አሠራር ይበልጥ የሚስማማው ተረፈ ምርት በየዕለቱ በብዛት ለሚገኝባቸው የወተት ላሞች እርባታዎች፣ ቄራዎችና የተማሪዎች መኖሪያ ላላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነው፤ በእነዚህ ተቋማት ቀን ቀን ፓኔሎቹ የወተት ማቀዝቀዣውንና የውሃ ፓምፑን ሲያንቀሳቅሱ፣ ሳይነካ የተጠራቀመው ጋዝ ለምሽቱ ይተርፋል።